ከሥዕል ጎን የቆመ ሥዕል

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ እንቁጣጣሽ ውሎ መሽቷል። በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ነው፤ ያለው ግን ጎረቤቱን ይዞ ያያል። በዚያ ምሽት የመጣው የበዓል ጨዋታ አልነበረም። የወሎ ረሃብተኞች መጡ፤ አጥንታቸው የሚቆጠር ሕፃናት፣ ብርድ ልብስ የሌላቸው እናቶች፣ መነሣት ያቃታቸው ሽማግሌዎች። ከዚያ ምስሉ ሳይታሰብ ተቀየረ፦ ቤተ መንግሥት፣ ግብዣ፣ የሞላ ገበታ። ተመልሶ ረሃብ። ከዚያ ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ። ተመልሶ ረሃብ።

በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ወታደሮቹ ቤተ መንግሥት ገብተው የንጉሠ ነገሥቱን ከሥልጣን መውረድ አነበቡላቸው። ቀጥሎ በቮልስዋገን ይዘዋቸው ሄዱ። ሮልስ ሮይስ የለመዱት ንጉሥ ባለ ሁለት በር ትንሽ መኪና የፊት ወንበር ታጥፎላቸው፣ ጎንበስ ብለው ወደ ኋላ ገቡ። የዚያን ዘመን ሰው አብዮቱን ሲተርክ ከአዋጁ ቃል ይልቅ ይህችን መኪና ያስቀድማል። ደርጎቹ ፊልም ሠሪዎች አልነበሩም፤ ነገር ግን በእነዚያ ሁለት ቀናት ውስጥ የሠሩት ሥራ በየትኛውም የፊልም ትምህርት ቤት ቢቀርብ የሚያስተምር ነው።

ያ ምሽት የታየው ፊልም መሠረቱ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ዘገባ ነው። ዲምብልቢ ወሎ ገብቶ የቀረጸው ሥራ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለምን አስደንግጧል። ርእሱም ያልታወቀው ረሃብ የሚል ነበር። የደርግ ሰዎች የእሱን ምስል ወሰዱ፤ ከሌላ መዝገብ ደግሞ የግብዣውንና የውሾቹን ምስል አወጡ፤ ቆርጠው አቀላቀሉት። አንድም አዲስ ነገር አልቀረጹም። የቃጫ ገመድ እንደሚገመድ ሁለቱን ክር ገመዱት፤ የተገመደው ነገር ደግሞ ሁለቱንም ክሮች የማይመስል ሆነ።

እስቲ የውሻውን ምስል ለብቻው እንየው። አንድ አጭር ሽማግሌ በግቢያቸው ለቤት እንስሳቸው ቁራሽ ይጥላሉ። ከማንም አያት የተለየ ነገር የለበትም፤ እንዲያውም ደግ ያስመስላቸዋል። ይኸው ምስል በሁለት የተራቡ ሕፃናት ምስል መካከል ሲገባ ግን ሥጋው ከልጁ አፍ የተነጠቀ ይሆናል። ይህን የተናገረ ድምፅ አያስፈልግም። ተመልካቹ ራሱ ይናገረዋል፤ ራሱ ስለተናገረውም ያምነዋል። ሌላ ሰው ከነገረኝ ልከራከር እችላለሁ፤ እኔው በገዛ ራሴ ከደረስኩበት ድምዳሜ ጋር ግን ማን ይከራከርልኛል?

የሩሲያው ፊልም ሠሪ ሌቭ ኩሌሾቭ ይህን ጉዳይ ከአብዮታቸው ማግስት ጀምሮ ሲመረምር ነበር። ኢቫን ሞዡኪን የተባለውን ዝነኛ ተዋናይ ፊት፣ ምንም ስሜት የማይነበብበትን፣ ወስዶ አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳህን ጎን፣ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን ጎን፣ አንድ ጊዜ ከሴት ጎን አስቀመጠው። ያዩት ሰዎች የተዋናዩን ችሎታ አደነቁ፤ ሲርበው እንዴት አድርጎ እንደተራበ፣ ሲያዝን እንዴት እንዳዘነ። ፊቱ ግን አንድ ነው። ያ ሙከራ ራሱ ፊልሙ ጠፍቶ በወሬ ብቻ የቀረ ነው። የእኛው ግን በአንድ ምሽት በሀገር ደረጃ ተደረገ።

ያ ፊልም ሐሰት ነበር ወይ? ረሃቡ እውነት ነው። መደበቁም እውነት ነው። ግብዣውም ተደርጓል፣ ውሾቹም በልተዋል። ሐሰት የሚባል አንድም ፍሬም የለበትም። ነገር ግን ክሱ ያለው በፍሬሞቹ ውስጥ ሳይሆን መቀሱ ባረፈበት ቦታ ላይ ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ደግሞ ምንም ምስል የለም። ፍርድ ቤት ቢቀርብ ማስረጃ ተብሎ የሚያዝ ነገር አይገኝበትም። እኔ እንደ ሥራ አደንቀዋለሁ፤ እንደ ዘገባ ግን አላምነውም። ንጉሡ በረሃቡ ላይ የሠሩት ጥፋት ሥጋ ለውሻ መስጠት አልነበረምና፣ ፊልሙ ትልቁን ጥያቄ በትንሹ ምስል ለውጦ አስረሳው።

አሁን በዚያው ዓመት የተቀረጸ ሌላ ፊልም እንይ። እ.ኤ.አ. በ1974፣ ዙፋኑ ወድቆ የአዲሱ አገዛዝ ጉልበት ገና ሳይጠና፣ በሎስ አንጀለስ ፊልም ይማር የነበረው የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ ካሜራ ይዞ ሀገሩ ገባ። 16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ጥቂት ሰው፣ ትወና ተምረው የማያውቁ ገበሬዎች። የወጣው ፊልም «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ይባላል። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ1976 በሎካርኖ የፊልም ፌስቲቫል ተሸልሟል፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ጣሊያን ቦሎኛ ውስጥ ኮፒው ታድሶለታል።

የደርጉ ፊልም በመቁረጥ ተናገረ። ኃይሌ ባለመቁረጥ ተናገረ።

ታሪኩ በሁለት አረፍተ ነገር ያልቃል፦ አንድ ባላባት አለ፣ መሬቱን የሚያርሱለት ጢሰኛ ቤተሰብ አለ። አንድ መሬቱን የተነጠቀ፣ ጣሊያንን የተዋጋ፣ ሰው ያበደ ነው የሚለው ከበበ የሚባል ሰው አለ። ሴራ የሚባል ነገር እምብዛም የለም። ያለው ማለዳ፣ በሬ፣ ማረሻ፣ ውሃ፣ እንጨት፣ ምሽት ነው፤ ካሜራውም አይቸኩልም። አንድ ሰው ቁልቁለቱን ሲወርድ ካሜራው ወርዶ እስኪጨርስ ይጠብቀዋል። ፈጣን ነገር የለመደ ተመልካች ይቁነጠነጣል። መቁነጥነጡ ግን በፊልሙ ሒሳብ ውስጥ የገባ ነው፤ አንተ ለአምስት ደቂቃ ያልቻልከውን ሰውየው ዕድሜ ልኩን ያደርገዋል።

ከሩቅ የሚስቡ ረጃጅም ሌንሶች እዚህ ፊልም ላይ በብዛት ሠርተዋል። የዚህ ሌንስ ጠባይ ርቀትን መጨፍለቅ ነው፤ ከኋላ ያለው ተራራ ወደ ፊት መጥቶ ከሰውየው ጀርባ ይለጠፋል። ሰው ወደ ካሜራው ሲመጣ በዚህ ሌንስ ብታየው ይራመዳል፣ ይራመዳል፣ ቦታውን ግን አይለቅም። አንድ ጸሐፊ የጢሰኛውን ኑሮ ሊገልጽ «ሠርቶ ሠርቶ ያው ነው» ብሎ ይጽፋል። ኃይሌ ያንኑ በመስታወት ምርጫ ጻፈው። ርእሱ ላይ ያለው ሦስት ሺህ ዓመትም እዚህ ላይ ነው የሚታየው፤ የዓመቱን ቁጥር ማንም ተነሥቶ አይቆጥርም።

ከዚያ ከፍታ አለ። ባላባቱ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ታች የሚሠሩትን ይመለከታል፤ ገበሬዎቹ ከሜዳው ላይ ናቸው፤ ከበበ ደግሞ ማደሪያው ድልድይ ሥር ነው። በአማርኛ ሹም ከላይ፣ ጭቃ ከታች መሆኑን ማንም ያውቀዋል፤ ፊልሙ ያደረገው ያንን በመሬቱ አቀማመጥ ላይ ማስፈር ነው። የሚደንቀኝ ግን የከበበ ቦታ ነው። በፊልሙ ውስጥ ብዙ የሚናገረው፣ ነገሩን በስሙ የሚጠራው እሱ ነው። አዘጋጁ እውነቱን ለዚህ ሰው ሰጠና ከሁሉም ዝቅ አድርጎ ድልድይ ሥር አስቀመጠው። ከላይ ሰውና መኪና ያልፋል፤ ከታች ታሪክ የሚያውቀው ሰው ለራሱ ያወራል። በመጨረሻ ከበበ በዱላ ባላባቱን ሲገድል የሚሰማን ድንጋጤ ግማሹ ከግድያው ነው፤ ሌላው ግማሽ ታች የነበረው ሰው ከፍታውን መድፈሩ ነው።

የቤተሰቡ ልጅ በለጠች ሕልም የምታይበት ቦታ ለብቻው መነገር አለበት። በሕልሟ እናትና አባቷ እንደ በሬ ተጠምደዋል፤ ቀንበር አንገታቸው ላይ ነው፤ ባላባቱ ይነዳቸዋል። በጽሑፍ ቢሆን «እንደ በሬ» ይባልና አንባቢው ያልፈዋል፤ ብዙ ጊዜ የሰማነው ነገር ነው። እዚህ ግን እውነተኛ እንጨት በእውነተኛ የሰው አንገት ላይ ነው። ሰውዬው ሲጎትት ማጅራቱ ይታያል። ኃይሌ ሕልሙን ከቀኑ ሥራ ጎን ማስቀመጡም በከንቱ አይደለም፤ ከሕልሙ በኋላ የሚመጣውን የእርሻ ምስል ያለ ቀንበሩ ማየት አይቻልም። ቆይቶ ይህችው ልጅ የባላባቱን ከብት ለማዳን ስትል ጎርፍ ይወስዳታል። በሬው ማን እንደነበር እንግዲህ ይፈረድ።

ይህን የሥዕል ንባብ እኛ ከፊልም አልተማርነውም። ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ሁሉ ገና ፊደል ሳይቆጥር ያውቀዋል። ጻድቁ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉው በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። በመጨረሻው እራት ሥዕል ላይ ይሁዳን ለማግኘት ጽሑፉን ማንበብ አያሻም፤ አንድ ዓይን ያለውን መፈለግ ነው። የዓድዋ ሥዕሎችም ይህንኑ ሕግ ይዘው ወጡ፤ በብዙዎቹ ላይ የእኛ ሰዎች በሁለት ዓይን፣ ጣሊያኖቹ በጎን ናቸው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ ነው። የሰው ቁመትም እንደ ክብሩ ነው፤ ንጉሡ ከአሽከሩ የሚረዝመው ሠዓሊው የርቀት ሕግ ስለማያውቅ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በረድፍ በረድፍ፣ ብዙ ጊዜ በ44 ትንንሽ ክፍል የሣሉት ሠዓሊዎች ደግሞ ዛሬ የፊልም ሰዎች ከቀረጻ በፊት ወረቀት ላይ የሚሠሩትን ሥራ ጨርቅ ላይ ሠርተው ይሸጡ ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሀብት እያለ የአማርኛ ፊልም ለምን ወሬኛ ሆነ? አንድ ሙከራ አድርጉ፤ ከዩቲዩብ አንድ የአማርኛ ፊልም ክፈቱና ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ወጥ አማስሉ። አብዛኛው አያመልጣችሁም። ገጸ ባሕርይው መናደዱን ይናገራል፣ ለምን እንደተናደደ ለጓደኛው ያስረዳል፣ ከዚያ ስልክ ደውሎ ይደግመዋል። ፊልማችን ከቴአትር ቤትና ከሬዲዮ ድራማ የተወለደ ነው፤ ሁለቱም የቃል ቤቶች ናቸው፤ ጸሐፊዎቹም ተዋንያኑም ብዙዎቹ ከዚያ የመጡ ናቸው። በቪዲዮ ካሜራ ዘመን ደግሞ ገንዘብና ጊዜ አጠረ፤ ሁለት ሰው ሶፋ ላይ አስቀምጦ ማነጋገር ከሁሉም ይረክሳል። ሀብታም መሆኑን ለማሳየት ደረጃ ያለው ቪላ ይከራያል፤ ሰውዬው በፊልሙ ውስጥ ስንት ጊዜ ደረጃ እንደሚወርድ የቆጠረ ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል። ያች ደረጃ ራሷ ግን ሥዕል ናት። ከኃይሌ ከፍታ ጋር ዘመድ ናት፤ ልዩነቱ አንዱ አስቦባት ሌላው ተከራይቷት መሆኑ ነው።

ኃይሌ ራሱ «ጤዛ» ላይ ብዙ ንግግር አለው፤ ፖለቲካ ይወራበታል፣ ይጮኽበታል። ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2009 በአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል በፌስፓኮ ዋናውን ሽልማት፣ የየኔንጋን ፈረስ፣ ያገኘው ነው። እዚያም ግን ዋናው ነገር ለዓይን የተተወ ነው። አንበርብር ከውጭ ሀገር ወደ መንደሩ ሲመለስ አንድ እግሩ የለም። እናቱ ታያለች፣ መንደሩ ያያል፣ እኛም እናያለን፤ እንዴት እንዳጣው ግን ለረጅም ጊዜ አይነገረንም። ስንገምት እንቆያለን፤ የደርግ ግፍ ነው እንላለን። መልሱ ሲመጣ ጀርመን ነው፤ ዘረኞች ከመስኮት ወርውረውት ነው። ሰውየው በአንድ አካል ላይ የሁለት ሀገር ጉዳት ተሸክሞ ሲያነክስ እያየን የሰነበትነው ለዚህ ነበር።

ስለ ብርሃን ሳይነሣ ስለ ምስል ማውራት አይቻልምና ወደ አንድ ጠባብ ጉዳይ ልግባ፤ ጠይም ፊትና ነጭ ነጠላ። ሠርግ የቀረጸ ሁሉ ያውቀዋል። ካሜራው በራሱ እንዲመጥን ከተተወ የነጠላው ንጣት ያታልለዋል፤ ብርሃን በዛ ብሎ ዓይኑን ያጠብባል፣ የእናትየው ፊት ይጨልማል። ፊቱን ላውጣ ብለህ ስትከፍት ደግሞ ነጠላው ይቃጠላል፤ ጥለቱ ይጠፋል፣ ነጭ ግድግዳ ይሆናል። ፍላሽ ፊት ለፊት የሚተክሉ አሉ፤ የባሰ ነው፤ ግንባር ያበራል፣ ጉንጭ ይጠፋል። መላው ብርሃኑን ከጎን አምጥቶ፣ ከነጭ ሰሌዳ ወይም ከግድግዳ አንጥሮ ማለስለስና ከነጠላው መከልከል ነው። ጠይም ቆዳ ብርሃኑን እንደ መስታወት ይመልሳል፤ የጉንጩ አጥንት ላይ የምታርፍ አንድ ትልቅ ለስላሳ መስኮት ከአሥር አምፖል ትበልጣለች። ቅቤ የተቀባ ፀጉርና ወዝ ያለው ፊት ለዚህ ብርሃን ሲሳይ ነው፤ ሜካፕ ሠሪዎች ግን ወዙን በፓውደር ለማጥፋት ይሽቀዳደማሉ።

ይህ የቴክኒክ ጣጣ ብቻ አይደለም። የኮዳክ ላቦራቶሪዎች ቀለም የሚያስተካክሉበት ናሙና ፎቶ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ፊት ነበር፤ ለእሷ ቆዳ ልክ የሆነው «ልክ» ተባለ። የእኛ ፊት ጨልሞ ሲወጣ ጥፋቱ የፊታችን መሰለ። ኃይሌ በዋሽንግተን ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርታት ሲያስተምር ተማሪዎቹን ከዚህ «ልክ» ጋር ያጣላቸው ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ ብራድፎርድ ያንግ ነው። «ሴልማ»ን የቀረጸው እሱ ነው፤ በ«አራይቫል» ደግሞ ለኦስካር ታጨ። የእሱን ክፍሎች ስታዩ ጨለማ ይበዛቸዋል፤ ጥቁር ፊት ግን በጨለማው ውስጥ አይሰጥምም፣ በግድ አይነጣምም። ከአንድ ጎን በምትመጣ ብርሃን ቅርጹን ጠብቆ ይቀመጣል።

የምስል ዕዳ አለብን፤ ለሀገር ውስጥም ለውጭም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 ኬንያዊው መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸውና ማይክል በርክ በቢቢሲ የዘገበው ረሃብ በማለዳ ጉም ውስጥ የተኮለኮለ ሕዝብ ነበር። ገንዘብ አስገኝቷል፣ ነፍስ አትርፏል። ነገር ግን ያ ጉምና ያ ቡናማ ሜዳ በዓለም ዓይን ውስጥ የኢትዮጵያ መልክ ሆኖ ቀረ። ያሬድ ዘለቀ በሕፃን ኤፍሬምና በበጉ ላይ የሠራው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ላይ ከኢትዮጵያ በኦፊሴል የተመረጠ የመጀመሪያው ሆነ። ያ ፊልም አረንጓዴ ነው፤ ተራራው፣ ሣሩ፣ ሁሉ ነገሩ። ልጁ በሰፊው መልክዓ ምድር ላይ ነጥብ ያክላል። እናቱን ያጣ ልጅ ሐዘን በዚህ ስፋት ተለክቷል፤ ድርቁም በታሪኩ ውስጥ አለ፣ ቀለሙን ግን ለድርቅ አልተወለትም። የኮረሙን ምስል በክርክር ማንሣት አይቻልም፤ ሌላ ምስል ከጎኑ ማቆም ግን ይቻላል።

ጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» ላይ ተቃራኒውን አደረገች። ሐረር አካባቢ ስለ ጫት፣ ስለሚያመርቱትና ስለሚሸሹት ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ በጥቁርና ነጭ። ጫት የሚሸጠው በመልኩ ነው፤ ገዢው ቅጠሉን ገልጦ፣ ለጋነቱን አይቶ ነው ዋጋ የሚቆርጠው። ፊልሙ ያንን አረንጓዴ ነጥቆ ወሰደና እጆቹን ተወልን። ቅጠል የሚለቅሙ፣ የሚያስተካክሉ፣ የሚያስሩ ጣቶች፤ በጣም ቅርብ፣ በጣም ዘግይተው። ጭስ አለ፣ የመስኮት ብርሃን አለ፣ ከምስሉ ጋር የማይገጥም ድምፅ አለ። ምርቃና ላይ ያለ ሰው ጊዜው እንዴት እንደሚሄድ ያላየ ይህን ፊልም ቢያይ ይረዳዋል።

ቅሬታዬን ግን አልደብቅም። ጭሱ በዛ። እያንዳንዱ ፍሬም ተቆርጦ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሲሆን ዓይን ይጠግባል፤ የልጆቹ ችግር፣ የአባቶቻቸው ሱስ፣ ወደ ባሕር ማዶ የመሰደድ ሐሳብ፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ውበት ይሸፈናል። ሁለት ሰዓት ነው ርዝመቱ። ሃያ ደቂቃ ቢቀነስለትና ከሃያው ውስጥ አሥሩ ለገበያው ጭቅጭቅ፣ ለዋጋ ክርክሩና ለመኪኖቹ ጥድፊያ ቢሰጥ፣ ቀሪው ዝግታ የበለጠ ይሰማ ነበር ብዬ አስባለሁ።